የመላጊያ ማሽኑ ባለቤት

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃውን በዳዴ ነው የምወጣው ብለሽ አስቀሽኛል፤ ነገሩ እንደማያስቅ ግን ገብቶኛል። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ለጎረቤት እያደልሽ እንዳይሆን፤ አውቅሻለሁ። የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው? ትንሿ ልጅሽስ ፈተናውን አለፈች? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አከራዬም እስካሁን አላባረረችኝም።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። መልሴ የዘገየው ንቄሽ አይደለም። የእጅ ጽሑፌንም አይተሽ ምን ነካው እንዳትዪ። የጠረጴዛዬ እግር ተሰብሮ ወረቀቱን አልጋ ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፈው። አናጢ ሆኖ የጠረጴዛ እግር መጠገን አቃተው ብለሽ ልትስቂ ትችያለሽ። ሳቂ። መጠገን አልተመቸኝም።

ቁም ሣጥኔስ ብለሽ ጠይቀሻል። እሱንም እዚያው ሰፈርሽ ላለ አናጢ ስጪው። ልኩ ባለፈው ዓመት የጻፍሽልኝ ነው፤ መደርደሪያዎቹን ወፍራም አድርግ በዪው፣ ማጠፊያውን ደግሞ ርካሽ እንዳይገጥምልሽ። ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ። ይሰለቻል፣ ግን ቁሚ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በሦስቱም ደብዳቤዎችሽ «ነጋዴው ወንድሜ» እያልሽ ነው የጀመርሽው። የላክሁልሽን የንግድ ፈቃድ ግልባጭ በመስተዋት አሠርተሽ እንግዳ መቀበያሽ ውስጥ እንደሰቀልሽውም ነግረሽኛል። እታለም፣ አውርጂው። ዛሬውኑ አውርጂው። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ግን የምነግርሽ ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ክፍሌን ታውቂያታለሽ፤ መጥተሽ ሳለ አንቺ አልጋው ላይ እኔ መሬት ስንተኛ እግሬ ደጅ ሊያድር ምንም አልቀረውም ነበር። ሁለት ሰው እንዴት ያዘች አትበዪኝ። ይዛለች።

ፈቃዱን ያወጣን ጊዜ ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደጻፍሁልሽ ታስታውሻለሽ። እንዴት እንዳወጣን ግን አልነገርኩሽም። አንድ ጠዋት የእንጨት ቤቱ ባለቤት ማሽኖቹን አስጠፋና ሰበሰበን። ይህን ሰው እሱ በሌለበት ሙጫው ነው የምንለው፤ ከያዘ አይለቅም። አጠገቡ ከረባት ያሰረ ሒሳብ ሠራተኛው ቆሟል። ሙጫው እጁን እያፋተገ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ተቀጣሪ የሚባል የለም፣ ሁላችሁም ባለቤቶች ናችሁ አለን። ቫርኒሽ የሚቀባው ሽማግሌያችን እጁን አወጣና «ጌታዬ፣ የምን ባለቤት?» ሲለው «የራስህ ነዋ!» አለው። ሽማግሌው ብሩሹን አስቀመጠና «እስከ ዛሬስ የማን ነበርኩ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሙጫውም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ፣ ማንም አይገደድም፣ የማይፈልግ ሰው በሩ ክፍት ነው አለ። በሩ እውነትም ክፍት ነበር። ማንም አልወጣበትም።

ሒሳብ ሠራተኛው በሙጫው ፒካፕ ጭኖን ንግድ ቢሮ ወሰደን። ዘጠኛችንም አንድ ወንበር ላይ እየተፈራረቅን ፎቶ ተነሳን። ቅጹን እሱ ሞላ፣ ካፒታሉን እሱ ተናገረ፣ የስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ለዘጠኛችንም የራሱን ሰጠ። እኛ የፈረምነውን ፈረምን። ስንመለስ ሙጫው ለስላሳና ኬክ አስመጥቶ ጠበቀን፣ ያውም በራሱ ገንዘብ። ፈቃዶቻችንን እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ቦታ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ድርጅት። ያን ቀን ከሰዓት ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። «ሥራ አስኪያጅ፣ እስቲ መጥረጊያውን አቀብለኝ» ይላል አንዱ። «ጸሐፊዬን ጠይቅና ቀጠሮ ያዝ» ይለዋል ሌላው። ሽማግሌው ፎቶውን እያየ፣ ሚስቴ እንዲህ ለብሼ ካየችኝ እንደገና ታገባኛለች ይላል። ኮቱ የሒሳብ ሠራተኛው ነበር፤ ዘጠኛችንም ያንኑ ኮት ለብሰን ነው የተነሳነው። ግልባጩ ላይ ትከሻዬ የሰፋብሽ ለዚያ ነው።

አንቺ ደግሞ ወዲያው መልስ ጻፍሽልኝ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ በሰው በር ቆሞ ሞተ፣ ልጁ ግን የራሱ ጌታ ሆነ አልሽ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ?

ከፈቃዱ ጋር ሁለተኛ ወረቀት ነበር። የማሽን ኪራይ ውል ይባላል። እያንዳንዱ የሚሠራበትን ማሽን ከሙጫው ተከራይቷል ይላል። ደወል ሊደወል ሲል ነው ያመጡት፣ ቆመን፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ አስደግፈን ፈረምነው። ባልንጀራዬ መላጊያ ማሽኑ ላይ ነው የሚሠራው፤ እኔ ድሮ የምሠራበት የነበረው፣ የነገርኩሽ፣ ያ ድምፁ እንደ በሬ የሆነው። ስለዚህ መላጊያውን ተከራየ ተባለ።

ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር ነበር ብትይኝ፣ ያው ደወል፣ ያው በር፣ ያው ሙጫው። አርፍደሽ ከመጣሽ ይቆርጣል። ሳይነግሩት ውጭ መሥራት አይቻልም። ደመወዝ መባሉ ቀርቶ ክፍያ ተባለ፤ ደረሰኙንም የምንሰጠው እኛ ሆንን። የታመመ አይከፈለውም፣ ምክንያቱም ነጋዴ ነው፣ ነጋዴ ደግሞ ሱቁን ከዘጋ አይሸጥም። የጡረታ መዋጮው ቆመ። ወፍጮውን ቀይሮ ያንኑ እህል መፍጨት ነው አለ ሽማግሌው።

ከዚያ ገማቾች መጡ። የትንሽ ነጋዴ ግብር እንዴት እንደሚተመን አንቺ ላታውቂ ትችያለሽ። መዝገብ የማይዝ ነጋዴ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ተብሎ በግምት ነው የሚከፍለው። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴትዮ ናቸው የመጡት፤ ሴትዮዋ ሰጋቱራው ጫማዋ ውስጥ ገብቶባት እያነከሰች ነው የምትጽፈው። ሰውዬው መላጊያው ፊት ቆመና ይህ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሙጫው ከማዶ ሆኖ «የሱ ነው!» ብሎ ባልንጀራዬን አሳየው። ባልንጀራዬ ማሽኑን አየ፣ ሙጫውን አየ፣ ከዚያ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ምን ይበል? በሩ ክፍት ነው። ሴትዮዋ ጻፈች። ማሽኑ ትልቅ ስለሆነ የቀን ገቢው ትልቅ ተገመተ። ሽማግሌው ብሩሽና ጣሳ ብቻ ስላለው ትንሽ ተገመተለት። ባልንጀራዬ በእጁ ነክቶት የማያውቀው ገንዘብ ግብር ከፋይ ሆነ። ሒሳብ ሠራተኛው አይዞህ፣ እኛ እናስተካክለዋለን አለውና መግለጫውን አስፈረመው። የድርጅቱ ንብረት፣ አንድ መላጊያ ማሽን ይላል፤ ኪራይ የሚል ቃል የለበትም። ፈረመ።

አሁን የማይወራውን ላውራ። በአጭሩ ነው የምነግርሽ፤ እንዳትደነግጪ።

መላጊያው መከለያ ነበረው፤ ስለቱን የሚሸፍን ብረት። ሥራ ያጓትታል ብሎ ሙጫው ካስፈታው ቆይቷል። ያን ቀን የመጣው እንጨት በደንብ ያልደረቀ፣ ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነበር። ባልንጀራዬ ገፋው። እንጨቱ ዘለለ፣ እጁ ወደፊት ሄደ። ቀኝ እጁ። ከአውራ ጣቱ በቀር ምንም አልተረፈለትም። ማሽኑ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። ይህን ነው ደጋግሞ የሚለው፤ ሕመሙን አይደለም የሚያወራው፣ ድምፁን እንኳ አልቀየረም ነው የሚለው።

ሽማግሌው ነው በጨርቅ ያሰረው። በፒካፑ ወሰዱት። ሆስፒታል መቀበያው ላይ አሠሪው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ቀድሞ «አሠሪ የለውም፣ የግል ነጋዴ ነው» አለ። ፈቃዱንም ከግድግዳው አውርዶ ይዞት መጥቶ ነበር። እስቲ አስቢው፣ ሰው እየደማ እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ፈቃድ ያወርዳል። የሕክምናው ዕዳ በነጋዴው ላይ ተጻፈ።

ሙጫው ሊጠይቀው መጣ። ሙዝ ይዞ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጣም እንዳዘነ ነገረው፣ ዕንባም አቅርሮ ነበር፤ ውሸቱን አይመስለኝም። ሊነሳ ሲል ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ብቻ ማሽንህን መከለያ ማስገጠም የአንተ ፋንታ ነበር» አለው። ማሽንህን አለው። ባልንጀራዬ እስኪወጣ ድረስ ጠብቆ ሙዙን ለአጠገቡ በሽተኛ ሰጠው።

የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የሚያይ ቦርድ አለ። እዚያ ከሰሰ። ለሁሉም ነገር መልሱ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሠራተኛ ነህ ወይስ ነጋዴ? ሠራተኛ ከሆነ ሕክምናው፣ ካሣው፣ የጠፋው ጡረታ ይታሰብለታል። ነጋዴ ከሆነ የራሱ ማሽን የራሱን እጅ በላ፤ ማንን ይከሳል? ሰው ማሽኑን አይከስም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከባለጉዳዮቹ በቀር ማንም አይገባም፣ ምስክር እንኳ ተራው እስኪደርስ ኮሪደር ላይ ነው የሚቀመጠው። መስኮቱ አይከፈትም። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፣ ያንቺ እኩያ ትሆናለች። መጀመሪያ ነገሩ ጥሩ ነበር። ጠዋት በሩን ማን ይከፍተዋል አለች። ሙጫውን እያሳየ እሱ አላት። ብታረፍድስ? ይቆርጥብኛል። እንጨቱን ማን ይገዛል? እሱ። ለሌላ ሰው ሠርተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን ለጎረቤት መስኮት ጠርቤ ተቆጥቶኛል። ማስታወሻ ትይዝ ነበር፣ ራሷንም ነቀነቀች። የጀርባው ላብ ደረቀለት።

ከዚያ የሙጫው ጠበቃ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የኪራይ ውሉን አኖረ። ከዚያ ለግብር ቢሮ የገባውን መግለጫ አኖረና፣ ክቡራን፣ አመልካች ግብር ቢሮ ሄዶ ማሽኑ የኔ ነው ብሎ ፈርሟል፣ እዚህ መጥቶ ደግሞ የሰውየው ተቀጣሪ ነኝ ይላል፣ የዋሸው የትኛው ጋ እንደሆነ ይንገረን አለ። ሰብሳቢዋ ባልንጀራዬን አየችው። ፊርማው ያንተ ነው? አለችው። የኔ ነው አላት። ምን ሊል ይችላል? ፊርማው ቆንጆ ነው፣ ጅራቱ የተቆለመመ፤ ማንም አይሳሳተውም።

ሽማግሌው ለምስክርነት ተጠራ። ገባ። ኮፍያውን አወለቀ። በዚህ ቤት አሠሪው ማን ነው ተባለ። የወንበሩን እግር እያየ «ሁላችንም የየራሳችን ነን» አለ።  በኋላ ነው የገባኝ፤ ሒሳብ ሠራተኛው ስምንቱንም ሰብስቦ፣ ሠራተኛ ነን ካላችሁ ለግብር ቢሮ የፈረማችሁት ሁሉ ሐሰት ይሆናል፣ የሐሰት መግለጫ ደግሞ በወህኒ ያስቀጣል ብሏቸዋል። አልፈርድባቸውም። ልፈርድባቸው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

አመልካች ነጋዴ ነው፣ ጉዳዩ ይህን ቦርድ አይመለከትም ተባለ። ሰብሳቢዋ ስታነብ መነጽሯን አውልቃ ነው የጨረሰችው፤ የመጨረሻውን መስመር በቃሏ ነው ያለችው። መደበኛ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ፣ ጠበቃ ካለህ አለች። ጠበቃ ያለው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የባልንጀራዬ ነገር አያስደስትም። አንዳንድ ቀን ከአልጋ አይነሳም። ማሽኑ ምነው ጠቅልሎ በወሰደኝ ይላል። እቆጣዋለሁ። ከመቆጣት በቀር ምን አደርጋለሁ? አከራያችን ጠዋት ጠዋት ትመጣና የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች፤ እንደ ሕፃን ነው የማለብስህ፣ ቢያንስ አፍንጫህን ራስህ ጥረግ እያለች። ለኪራዩ አትጠይቅም። አለመጠየቋ ከመጠየቁ ይብሳል።

ሽማግሌው አንድ እሑድ ብርቱካን ይዞ መጣ። ስለ ቦርዱ አንድ ቃል አልተነሳም። ብርቱካኑን ላጠው፣ ከፋፈለው፣ አንድ በአንድ አቀበለው። ስለ ሚስቱ ጥርስ አወራ። ሊሄድ ሲል ጎንበስ ብሎ የተፈታውን የጫማ ማሰሪያ አሰረለት፤ አስሮም ቶሎ አልተነሳም፣ እዚያው እግሩ ስር ትንሽ ቆየ። ጀርባዬን ነው ያመመኝ አለ። መላጊያው ላይ ሌላ ሰው መቆሙንም የነገረን እሱ ነው። ለእሱም ፈቃድ ወጥቶለት ተሰቅሏል። እንግዲህ ግብር ቢሮ ውስጥ ያ ማሽን ሁለት ባለቤት አለው ማለት ነው። መከለያውንስ መልሰው ገጠሙት ወይ ቢባል፣ ሽማግሌው ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ።

አሁን የቀረው ነገር ቢያንስ ፈቃዱን መመለስ ነው። ነጋዴ ሥራ ባይሠራም ፋይሉ እስካልተዘጋ ድረስ ግምቱ ይቆጥራል፣ ቅጣትም ይወልዳል። ማስጠንቀቂያው ሁሉ በስልክ ነበር የሚላከው፣ ስልኩ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው ነው። ሳናውቀው ስንት ተከምሯል። የግብር ዓመቱ ሳይዘጋ ፋይሉ ካልተዘጋ፣ አዲሱ ዓመት እንደገና በትልቁ ማሽን ልክ ይጀምራል። ዕዳው ካለ ደግሞ የትም ቦታ መቀጠር የለም፤ ለዘበኝነት እንኳ ከግብር ዕዳ ነፃ የሚል ወረቀት ይጠይቃሉ። ነጋዴ ሆኖ እንዳይኖር እጁ የለም፤ ተቀጣሪ ሆኖ እንዳይኖር ነጋዴ ነው።

ግብር ቢሮ ሄደ። በመስኮቷ ያለችው ልጅ ማስቲካ እያኘከች ፋይሉን አወጣች፣ የመዝጊያ ቅጽ ሰጠችው። በግራ እጁ ፈረመ። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አየችና፣ ይህ የነጋዴው ፊርማ አይደለም፣ ነጋዴው ራሱ ይምጣ አለችው። ነጋዴው እኔ ነኝ አላት። ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች። «አንተስ አንተ ነህ» አለችው፤ «ፊርማው ግን አንተ አይደለህም።» ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና መስኮቷ ላይ አስቀመጠው። ማስቲካው ቆመ። የኋላውም ሳቅ።

ኃላፊዋን ጠራች። ኃላፊው መጥፎ ሰው አይመስልም፣ ወንበር ስቦለታል። የሐኪም ማስረጃ ካመጣ ፊርማው ይቀየርለታል አለ። ሆስፒታሉ ግን ዕዳው ሳይከፈል ማስረጃ አይሰጥም። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ሥራ ለማግኘት ፋይሉ መዘጋት አለበት። ኃላፊው በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይህን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ።

ሊወጣ ሲል ልጅቷ ተከትላው ኮሪደር ላይ ደረሰችበት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሼ፣ ሂድና ተለማመድ፣ እስኪመስል፣ እኔ ብዙም አላመሳክርም አለችው። አየሽ፣ ደግ ልጅ ናት። እንግዲህ ባልንጀራዬ የራሱን ፊርማ አስመስሎ መፈረም እየተማረ ነው። በዚህ ዕድሜው። ፊደል ከመጀመሪያው። ሐሰተኛ ፊርማ ሊያስቀጣው ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ሁለታችንም በጣም ሳቅን፤ አከራያችን ምን ሆናችሁ ብላ በሩን አንኳኳች።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ። ባልንጀራዬ ሲፈጠር ግራኝ ነበር። እንዳንቺው ኃይለኛ እህት ነበረችው፤ እናት ስላልነበራቸው እሷ ናት ያሳደገችው። ፊደል ስታስቆጥረው ግራ እጁን በመቀነቷ ከወንበሩ ጋር ታስረው ነበር። በቀኝ ጻፍ፣ ሰው ይስቅብሃል ትለዋለች። ያለቅሳል፣ እሷም አብራው ታለቅሳለች፣ ግን አትፈታውም። ያቺ ቆንጆ ፊርማ፣ ጅራቷ የተቆለመመችው፣ የሷ ሥራ ናት። አሁን ግራ እጁ ሲጽፍ፣ ያን ሁሉ ዘመን ታስሮ የቆየ ሰው ሲፈታ እንደሚሄደው ነው የሚሄደው፤ ይደናቀፋል። በእህቱ አላዘነም። ይህን ብትሰማ ደስ ይለው ነበር፤ ለካስ አንድ እጅ አስቀምጣልኛለች ይላል።

እታለም፣ አሁን የምለምንሽን ስሚ። በደብዳቤ እንጂ በአፌ ቢሆን አልደፍረውም። ወደ መንገዱ በር ያለው ክፍልሽ አሁንም ባዶ ነው? ባዶ ከሆነ ትንሽ ሱቅ ትሁን። ሚስማር፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ ባትሪ። ፈቃዱ በአንቺ ስም ይሁን። እኔ እቀመጥበታለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ፣ እጠርጋለሁ። ደመወዙ የፈለግሽው ይሁን፤ ቁራሽ ዳቦም ቢሆን። አንድ ነገር ብቻ፣ የቅጥር ወረቀት ጻፊልኝ። ተቀጣሪ የሚለው ቃል ይኑርበት። የነጋዴ እህት ነኝ ማለቱ ይቅርብሽ፤ ነጋዴዋ አንቺ ሁኚ። ባልንጀራዬ አስቸጋሪ ሰው አይደለም፣ የትም ብሄድ አብሮኝ ነው የሚመጣው።

ለመምጣት ግን እንዳትነሺ። ጉልበትሽ ለዚህ መንገድ አይሆንም፣ ክፍሏም ሞልታለች። ፋይሉ ይዘጋ፣ እኔው እመጣለሁ። ለባለቤትሽ ይህን ሁሉ አትንገሪው፤ ሥራ ቀዝቅዞበት ነው በዪው።

ይህን ደብዳቤ በአንድ ቀን አልጻፍኩትም። ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። የመጀመሪያውን ገጽና ይህኛውን አስተያዪ፤ ይኼኛው አይሻልም? መስመሩ ቀንቷል፣ ፊደሎቹም እርስ በርስ መረጋገጡን ትተዋል። ከሦስት ደብዳቤ በኋላ ይህን ያህል ረጅም የጻፍሁልሽ ስለናፈቅሽኝ ነው፤ ለሌላም ነገር ነው።

ጉልበትሽን ይማርልኝ። ቤትሽ ከሳቅ አይጉደል፣ ልጆችሽ ቀና ብለው የሚሄዱ ይሁኑ፣ ቁም ሣጥንሽም ዕድሜ ልክሽን የማይንጋደድ ይሁን። ያሰረውንም የፈታውንም እጅሽን እስማለሁ።

ከዚህ በታች ፊርማዬን አኑሬአለሁ። የድሮ ደብዳቤዎቼ ሣጥንሽ ውስጥ አሉ አይደል? እባክሽ አንዱን አውጪና ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው። ጅራቱን በደንብ እዪልኝ። ከመሰለ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ካልመሰለም አትዘኚ፣ የት ጋ እንደሳትኩ ብቻ ንገሪኝ። መጀመሪያም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ